ከገደሉ ሥር የሚወጣው ውሃ ከየት መጣ?

አያቴ አገር፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከገደል ሥር የሚፈልቅ አንድ ምንጭ አለ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ስሄድ ከአክስቶቼ ልጆች ጋር ጄሪካን ይዘን እንወርድ ነበር። ተራ እስኪደርሰን ቁጭ ብዬ የማየው ነገር ነበረኝ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ እንደ ጡብ የቀላ፣ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ጠጣር አፈር ገደሉን ተከትሎ ይሄዳል። ውሃው የሚወጣው ልክ ከሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ከቀዩ አፈር በታች አንድ ጠብታ አይታይም።

አያቴን ውሃው ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃት "ከእግዜር ነዋ ልጄ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። እኔ ግን ዝናቡ ከወረደበት እስከ ምንጩ ያለውን መንገድ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ያቺ ቀይ መስመር የነገሩ ቁልፍ እንደሆነች የገባኝም አድጌ ነው። ስለዚህ ዛሬ መንገዱን እንሂድበት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም የተኛ ሐይቅ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ባሌ ሄዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ተመልክቷል። የኖራ ድንጋይ በውሃ ስለሚሟሟ በዘመናት ብዛት ዋሻ ይሆናል። በአብዛኛው ደጋችን ግን ድንጋዩ ሌላ ነው፣ ውሃውም የሚኖረው በድንጋዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። የረጠበ አሸዋ አስቡ። ውሃው የት አለ ብትሉ የትም ነው፤ በእያንዳንዱ ቅንጣት መሃል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። እንጀራን ውሰዱ። ዓይኑ ብዙ ነው፣ ወጡንም የሚይዘው እሱ ነው። ግን ዓይኖቹ እርስ በርስ የሚገናኙ ቢሆኑ ኖሮ ወጡ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይሄድ ነበር፤ አይሄድም፣ ያፈሰስንበት ቦታ ላይ ይቀራል። ድንጋይም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው፤ ዓይኖቹ ካልተገናኙ ግን ጉድጓድ ብትቆፍሩበት ውሃ አይሰጣችሁም። ሸክላ አፈር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውሃ ይጠጣል፣ እንዲያውም ብዙ ይጠጣል፣ ግን አያሳልፍም። ክረምት ላይ በጥቁር መሬት ላይ ውሃው ተኝቶ የሚከርመው ለዚህ ነው። ውሃ የሚይዝም የሚያሳልፍም ንብርብር ሲገኝ ነው ባለሙያዎቹ አኩዊፈር፣ በአማርኛ ውሃ አዘል አለት የሚሉት።

አሁን ወደ ቀይዋ መስመር እንመለስ።

የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋችን አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ ነው። በአንድ ጊዜ አልፈሰሰም። አንዱ ፈሶ ይቀዘቅዛል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ረጅም እረፍት ይሆንና ላዩ ተበልቶ አፈር ይሆናል፣ ምናልባትም ሣር ይበቅልበታል። ቀጥሎ ሌላ ፍል ድንጋይ መጥቶ አፈሩ ላይ ይነጠፋል፣ ያንን አፈር ልክ ሸክላ ሠሪ ገንቦ እንደምትጠብሰው ይጠብሰዋል። አፈሩ ቀልቶና ጠጥሮ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መሃል ይቀራል። ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ በመኪና የወረደ ሰው በመንገዱ ቁርጥ ላይ እነዚህን ቀይ ቀበቶዎች አይቷቸዋል፤ አላስተዋላቸውም ይሆናል እንጂ።

የአያቴ ምንጭ ታሪክ እንግዲህ ይሄ ነው። ከገደሉ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ዝናብ ይዘንባል። የተወሰነው ይፈሳል፣ የተወሰነው በፀሐይ ይተናል፣ ሰብሉም ዛፉም ድርሻውን ይጠጣል። የተረፈው ትንሽ ክፍል በአፈሩ አልፎ በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ቁልቁል ይወርዳል። ቀዩ ንብርብር ላይ ሲደርስ መንገድ ያጣል። ስለዚህ በጎን ይሄዳል። ገደሉ ንብርብሩን የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። በአንድ ገደል ላይ ብዙ ምንጮች በእኩል ከፍታ ተሰልፈው የሚታዩትና መንደሮችም ያንን መስመር ተከትለው የተመሠረቱት ለዚህ ነው። አያቶቻችን ጂኦሎጂ አልተማሩም፣ ግን ቤት የሚሠሩበትን ያውቁ ነበር።

ምንጭ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ የሚወጣው ሸለቆው ራሱ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወለል ስለነካው ነው። ቆፍራችሁ ውሃ የምታገኙበት ጥልቀት አለ አይደል? መሬቱ ከዚያ ወለል በታች ዝቅ ሲል ያለ ቁፋሮ ውሃ ይመጣል። ሌላው ደግሞ መሬት በተሰነጠቀበት በኩል ከጥልቅ ተገፍቶ ይወጣል። ስሙ ራሱ አርባ ምንጭ የሆነው ከተማ ከገደሉ ግርጌ ባሉት ምንጮቹ ይታወቃል፤ ታች ያለው ጥቅጥቅ ደን በክረምት ዝናብ ብቻ የቆመ ሳይሆን ሥሩን ከዚያው ውሃ ውስጥ የነከረ ነው።

እና ያ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ምን ያህል ይፈጥናል? ቀስ ነው የሚለው። በጣም ቀስ። በደንብ በተሰነጠቀ ድንጋይ ወይም በጠጠር ውስጥ በቀን ጥቂት ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ በጠባብ ክፍተት ውስጥ ግን በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህን በቁጥር የለካው አንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ዲዦን ለምትባለው ከተማ የውሃ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አሸዋ በሞላው ቱቦ ውሃ እያሳለፈ ለካና ውጤቱን በ1856 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያገኘው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ የከፍታው ልዩነት በጨመረ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይዘገያል፣ የቀረው የአሸዋው ጠባይ ነው። ዛሬም ጉድጓድ የሚያሰላ ባለሙያ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ይህ ዝግታ ነው እኛን በበጋ የሚያኖረን። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከወራት በፊት የዘነበው ዝናብ ተረስቶ፣ ወንዙ ለምን ይፈሳል ብላችሁ ታውቃላችሁ? የበጋው ወንዝ ማለት በሺህ ቦታ ከግራና ከቀኝ ወደ እሱ የሚንጠባጠብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ ለምእመኑ ጸበል ነው፤ ለውሃ ባለሙያ ደግሞ ትልቅ ወንዝ ከመሬት ሲወጣ የሚታይበት ቦታ ነው። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። መንገዱን ማወቅ ስጦታውን አያሳንሰውም።

የእናንተ ምንጭ ጥልቅ ይሁን ጥልቅ አይሁን ያለ ምንም መሣሪያ ፍንጭ ማግኘት ትችላላችሁ። ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄዳችሁ እዩት። ከደፈረሰ ወይም በአንድ ሌሊት ከበዛ ውሃው ከቅርብ ነው የሚመጣው፣ ላዩ ላይ የሚጣለውም ቆሻሻ ቶሎ ይደርስበታል ማለት ነው። ክረምትም በጋም ከሞላ ጎደል እኩል የሚፈስ ከሆነ ከኋላው ትልቅ ጎተራ አለው። እጃችሁንም ክተቱበት። በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ባለበት ውሃው ለብ ብሎ እንፋሎት ይታይበታል፣ በሚያዝያ ቀትር ደግሞ ጥርስ ያስነክሳል። የተለወጠው ውሃው አይደለም፣ አየሩ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ብዙ የቆየ ውሃ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ነው የሚወጣው።

ከዚያ አማካይ በጣም ከሞቀ ግን ሌላ ታሪክ አለው፣ ለዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በምንጭ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ እያለ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር። ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ገደማም ቤት ተሠራ፣ አዲስ አበባ የሚለውን ስምም አወጡ። ፊንፊኔ የሚለው የቦታው የቀድሞ ስምም ከዚሁ ከሚፈልቀው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ያ ፍል ውሃ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው እሳተ ገሞራ የተፋው ይመስለዋል። ዝናብ ነው። ከፍ ካለ ቦታ፣ ከእንጦጦ ወገን የዘነበ ዝናብ ወደ ጥልቅ ወርዶ፣ ሞቆ፣ መሬቱ የተሰነጠቀበትን መስመር አግኝቶ ሽቅብ የሚመለስ ነው። መሬት በጥልቀት እየሞቀች ትሄዳለች፤ በተለመደው ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ትጨምራለች፣ ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ደግሞ ከዚህ ትበልጣለች። ዝናብ መሆኑ እንዴት ታወቀ ካላችሁ፣ ውሃ አሻራ አለው። ከፍ ባለ ቦታ የሚዘንብ ዝናብ ውስጥ የከባዱ ኦክስጅን (ከተለመደው ኦክስጅን ክብደቱ የሚበልጠው ዓይነት) መጠን ዝቅ ካለ ቦታ ከሚዘንበው ያነሰ ነው። ውሃው ምድር ውስጥ ገብቶ ቢሞቅም ያ አሻራ በቀላሉ አይጠፋም። ላቦራቶሪ ሲለካው የመጣበትን ከፍታ ይናገራል።

ከእንጦጦ የሚወርደው ቁልቁለት ወደ ደቡብ ይቀጥላል። አቃቂ አካባቢ ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት፣ ዓይኖቹም የሚገናኙለት ነው፤ ጥልቅ ጉድጓዶች የተቆፈሩትም እዚያ ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ብቻቸውን ከተማዋን ማጠጣት ካቃታቸው ቆይቷል፤ አዲስ አበቤ ዛሬ ቧንቧ ሲከፍት የሚቀዳው ብዙ ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እንጦጦ ላይ ያለ ዛፍና አቃቂ ላይ ያለ ጉድጓድ ዘመዳሞች ናቸው የምለው ለዚህ ነው። በመሃል ያለነው እኛ ደግሞ በሲሚንቶና በአስፋልት መሬቱን ሸፍነን፣ ሽንት ቤታችንን አጠገብ ላጠገብ ቆፍረን ተቀምጠናል። በከተማው መሃል ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ምንጮች ናይትሬት፣ ማለትም ከሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃው የሚሰርግ ንጥረ ነገር፣ የበዛባቸው የሆኑት ከዚህ የተነሳ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም።

ውሃ ድንጋዩ ውስጥ በቆየ ቁጥር ከድንጋዩ ብዙ ነገር ይዞ ይወጣል። አምቦ ላይ የሚፈልቀው ከታች በሚመጣ ጋዝ ታጅቦ ነው፤ ያ የሚያቃጥለን አረፋ ያው ሶዳ ውስጥ የምናውቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስጦታው ሁሌ እንዲህ መልካም አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከወንጂ እስከ ሐዋሳ አካባቢ፣ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛባቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፣ መጠኑ በጣም ሲበዛና ዓመታት ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። እነዚህ ልጆች ጥርሳቸውን ባለመፋቃቸው ሲወቀሱ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የድንጋዩ ነው። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ፍሎራይድ ጭራሽ ይጠነክራል።

ምንጭ ለምን ይደርቃል ወደሚለው ልምጣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዝናቡን ነው የሚከሰው። ዝናቡ ድርሻ አለው፣ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። አንዱ በፓምፕ መሳብ ነው። ከጉድጓድ ውሃ ሲሳብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል እንደ ኢምቡቶ ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል። ኢምቡቶው እየሰፋ ሄዶ ምንጩን ከነካው ምንጩ ይደክማል፣ ከዚያም ይቆማል። ሐሮማያ ሐይቅን አስታውሱ። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት መስኖ በየማሳው ፓምፕ ተተከለ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሽቅብ እያስገፋች ለማምጣት ተገደደች። በኋለኞቹ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዝ መጀመሩን ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ምክንያት ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ነው። ሣሩ ተግጦ፣ አፈሩ ተረግጦ እንደ አውድማ ከጠጠረ ዝናቡ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ መንደር ላይ፣ ክረምት ጎርፍ በጋ ጥም ይፈራረቃሉ፤ ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው። መድኃኒቱም ያው አንድ ነው፣ ውሃውን ማዘግየት። እርከን፣ የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከንክኪ ነፃ የሆነ ቁልቁለት። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው ቀበሌ ሰው ሊሰደድ አስቦ ከነበረበት ተነስቶ ተፋሰሱን በጉልበቱ ሠራ፣ የደረቁት ምንጮች ተመለሱ፣ የእጅ ጉድጓዶቹም ውሃ ያዙ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ባሕር ዛፍን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ። የኔ አቋም፣ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ባለውለታችን ነው፣ ግን ከምንጭ ዓይን አጠገብ ቦታ የለውም። ጥማተኛ ነው። ሾላና ዋንዛ ይተከል።

አሁን የራሳችንን መንደር ስህተት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ምንጩ ይጎልብት ተብሎ ብር ተዋጣ፣ ግንበኛም ተቀጠረ። ምንጭ ማጎልበት ማለት የምንጩን ዓይን እስኪገኝ በጥንቃቄ መቆፈር፣ ዓይኑን በንጹሕ ጠጠር ከቦ ላዩን በሸክላ አፈር መድፈን፣ ከፊቱ ግንብ ሠርቶ ውሃውን በቧንቧ ማውጣት፣ ከላይ ደግሞ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ መቅደድ ነው። ሽንት ቤትም ሆነ በረት ከምንጩ በላይ አይሆንም፤ በጎን ቢሆን እንኳ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ይሄ ሁሉ ተደረገ። ግን ውሃው ብዙ እንዲጠራቀም ተብሎ መውጫ ቧንቧው ከዓይኑ ከፍታ በላይ ተቀመጠ። ጉልበታም ምንጭ ነውና ይወጣዋል ተባለ። ውሃው ለሁለት ሳምንት ወጣ። ከዚያ ግንቡ ደረቀ፣ ከግንቡ አሥራ አምስት እርምጃ ወዲያ፣ በዚያችው በቀይዋ መስመር ላይ፣ እሾህ መሃል አዲስ ውሃ መፍለቅ ጀመረ። ምንጭን ወደ ኋላ ከገፋችሁት ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ አንዴ መንገድ ከለወጠ ደግሞ መልሶ ማምጣት ከባድ ነው። ቧንቧው ሁልጊዜ ከዓይኑ ዝቅ ይበል። እኛ ይህን ያወቅነው ብራችን ካለቀ በኋላ ነው፣ ግንቡንም አፍርሰን በአዲሱ ዓይን ላይ እንደገና ሠራን።

በዚያ ሥራ ላይ የተማርኩት ሁለተኛው ነገር መለካት ነው። 20 ሊትር ጄሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ኅዳር ላይ ስለካው ጄሪካኑ በ40 ሰከንድ ሞላ። ያ ማለት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ24 ሰዓት 43 ሺህ 200 ሊትር ይሆናል፤ ለአንድ ገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ብለን ብናስብ ከ1,700 ሰው በላይ ያጠጣል። መንደሩ ይህን ያህል ሰው የለውም። ታዲያ ሴቶቹ ለምን ይሰለፋሉ? ምክንያቱም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም አይቀዳም፣ 18 ሺህ ሊትር በጨለማ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከምንጩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ሰልፉ አጠረ። ምንጩ አልጨመረም፣ ሌሊቱን መጠቀም ጀመርን እንጂ።

አሁን የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይለካና በማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፈዋል። ባለፈው ግንቦት ስሄድ ያየሁት የመጨረሻው ቁጥር 65 ሰከንድ ነበር። ከሱ በላይ፣ ያምናው ግንቦት፣ 71 ይላል። ከገደሉ በላይ ያለው ሜዳ ላይ እርከን ከተሠራ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ስድስት ሰከንድ የዝናቡ ይሁን የእርከኑ ለመናገር ገና ነው፤ በከሰል የሚጻፍበት ግድግዳ ግን ገና ሰፊ ቦታ አለው።